ለአንድ ዓይን ሁለት የሌንስ ቁጥር፦ 23.5 ወይስ 22.0?

ካዛንቺስ_ኦፕቶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታካሚው የ68 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ቀኝ ዓይናቸው ላይ ቡናማ የሆነ ጠጣር ሞራ አለ። ሁለት የባዮሜትሪ ወረቀት (ሞራው ወጥቶ በምትኩ የሚገባው ሌንስ ቁጥር የሚሰላበት የዓይን ልኬት) ይዘዋል፤ አንዱ ከፒያሳ፣ አንዱ ከአራት ኪሎ አካባቢ። ሁለቱም በኤ-ስካን (በድምፅ ሞገድ የሚለካ) የተሠሩ ናቸው፣ ኬ (የኮርኒያው፣ ማለትም የዓይኑ ፊት ግልጽ ሽፋን፣ ጉብጠት) በሁለቱም 43.5 ገደማ፣ ኤ-ኮንስታንት (የሌንሱ ዓይነት ቋሚ ቁጥር) 118.0። የፒያሳው የዓይኑን ርዝመት 22.6 ሚ.ሜ ብሎ 23.5 ሌንስ ያዛል። የአራት ኪሎው 23.0 ሚ.ሜ ብሎ 22.0። በኦፕቲካል ባዮሜትር (በብርሃን የሚለካ) ተሞክሯል፣ ሞራው ብርሃን ስለማያሳልፍ አያነብም። የትኛው ይታመን? አማካዩን ይዘን 22.5 ወይም 23.0 እናስገባ የሚልም አለ።

ባዮሜትሪ_ክፍል፦
አማካይ የሚባለውን እርሱት። አንዱ ወረቀት ከተሳሳተ በአማካዩ የምታስገቡት ግማሹን ስህተት ነው።

መጀመሪያ ሁለቱም ወረቀት ላይ የፊት ክፍሉን ጥልቀት፣ ኤ.ሲ.ዲ. የሚለውን፣ አስተያዩ። የሌንሱ ውፍረት በሁለቱም ተቀራራቢ ሆኖ ኤ.ሲ.ዲ.ው ብቻ በ0.4 ከቀነሰ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ፕሮቡ (የማሽኑ መለኪያ ጫፍ) ኮርኒያውን ተጭኖታል። ኮርኒያ በሚነካ ኤ-ስካን ከ0.1 እስከ 0.3 ሚ.ሜ መጨፍለቅ የተለመደ ነው፣ እጁ ለከበደ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። አንድ ሚ.ሜ ስህተት መነጽር ላይ 2.5 ዳይኦፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ የእናንተ 0.4 አንድ ዳይኦፕተር ያህል ነው።

ቀጥሎ ሞገዶቹን እዩ። ኮርኒያ፣ የሌንስ ፊት፣ የሌንስ ጀርባ፣ ሬቲና (ብርሃን ተቀባዩ የኋላ ሽፋን)፣ ስክሌራ (ነጩ የዓይን ግድግዳ)፤ አምስቱም ከፍ ብለው መታየት አለባቸው። የሬቲናው ሞገድ ቀጥ ብሎ ካልተነሳና ከወገቡ እየተሰበረ ከወጣ ጨረሩ አግድም ሄዷል። ከሬቲናው ኋላ ስክሌራው ከጠፋ ደግሞ የለካችሁት በዓይን ነርቩ በኩል ነው፣ ያን ንባብ ጣሉት። ማሽኑ «አፋኪክ» (ሌንስ የሌለው ዓይን) ላይ ተረስቶ እንደሆነም አረጋግጡ፤ ፍጥነቱን ከ1,550 ወደ 1,532 ሜትር በሰከንድ ስለሚያወርደው ብቻውን ሩብ ሚ.ሜ ገደማ ያሳጥራል።

ስትደግሙ ኬራቶሜትሪው (የኬው ልኬት) ይቅደም። ማደንዘዣ ከተጨመረና ኮርኒያው ከተነካ በኋላ የሚወሰድ ኬ አይታመንም። ኢመርሽን ሸል (ዓይን ላይ ተቀምጦ ፈሳሽ የሚሞላ ጽዋ) ካላችሁ በእሱ ለኩ፤ ፕሮቡ ኮርኒያውን ስለማይነካ የመጨፍለቅ ነገር አይኖርም። ከሌላችሁ አሥር ንባብ ውሰዱና ኤ.ሲ.ዲ.ያቸው ጥልቅ የሆኑትን ብቻ አስቀሩ፣ ልዩነታቸው ከ0.1 አይለፍ። ግራ ዓይናቸውንም አብራችሁ ለኩ። ሁለቱ ዓይኖች ከ0.3 በላይ ከተራራቁ እንደገና ሀ ብላችሁ ጀምሩ።

ስፌት_አልባ፦
የተባለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ሁለቱ ስህተቶች ለታካሚው እኩል እንዳልሆኑ ነው። ዓይኑ 23.0 ሆኖ 23.5 ቢገባ ወደ ማይነስ 1 ይወጣሉ፤ ሩቁ ይደበዝዛል፣ ቅርቡን ግን ያያሉ። ዓይኑ 22.6 ሆኖ 22.0 ቢገባ ፕላስ 1 ነው፤ ያለ መነጽር ሩቁም ቅርቡም አይጠራም። ስለዚህ ለክታችሁ ለክታችሁ ጥርጣሬው ካልጠፋ ወደ ማይነስ አዘንብሉ።

አሁን ወደ ሞራው። ቡናማ ፍሬ (የሞራው ጠጣር መሃል) በፋኮ (በአልትራሳውንድ ሰብሮ በሚመጥ ማሽን) ሲሰበር ብዙ አልትራሳውንድ ይፈጃል፤ የኮርኒያው የውስጥ ሴሎች ይጎዳሉ፣ ጫፉ ሲሞቅም ቁስሉ ይቃጠላል። እንዲህ ላለው ሲክስ (ፍሬውን ሳይሰብሩ በትንሽ ቁስል በእጅ ማውጣት) ይሻላል ባይ ነኝ፤ መብራት ሲቆራረጥም ከፋኮ ማሽን ጋር አያጨናንቅም። ዋሻው (ፍሬው የሚወጣበት ቁስል) ከውጭ 6.5 እስከ 7 ሚ.ሜ ይሁን፣ ከኮርኒያው ጠርዝ 2 ሚ.ሜ ያህል ራቅ ብሎ፣ የስክሌራውን ግማሽ ውፍረት ይዞ፣ ኮርኒያው ውስጥ 1 ሚ.ሜ ከገባ በኋላ ይከፈት። ጠልቆ ቶሎ ከተከፈተ አይሪሱ (ባለ ቀለሙ የዓይን ክፍል) ይወጣል፤ ከሳሳ ደግሞ ጣሪያው ይቀደዳል። ካፕሱሉን (የሌንሱን ከረጢት) በትራይፓን ብሉ (ሰማያዊ ቀለም) ቀቡት፣ ከጀርባ ቀይ ነጸብራቅ ስለሌለ ጠርዙ በሌላ መንገድ አይታይም። የካፕሱሉን ቀዳዳ አታጥብቡት፤ ትልቅ ፍሬ በጠባብ ቀዳዳ ሲጎተት ዞኑሎቹን (ካፕሱሉን የያዙትን ክሮች) ይዞ ይመጣል።

ቁስሉን የት እንደምታደርጉም ከኬው ተነሱ። ከላይ የሚሠራ ዋሻ የኮርኒያውን የቁም ጉብጠት ያላላዋል። አግድሙ ቀድሞ የጠነከረ ከሆነ (በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው) አስቲግማቲዝሙን (የቁምና የአግድም ጉብጠቱን ልዩነት) ታብሱታላችሁ፤ በጆሮ ግንዱ በኩል ሥሩ።

ከቀዶው በፊት 5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ለ3 ደቂቃ፣ ሲያልቅ 1 ሚ.ግ ሴፉሮክሲም (አንቲባዮቲክ) በ0.1 ሚ.ሊ ዓይን ውስጥ። መጠኑን የሚበጠብጠው ሰው ሁለቴ ያስላው፤ እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ሬቲናን ይመርዛል።

ላሲክ_ዴስክ፦
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ሰውየው ቀደም ሲል ለማይነስ ላሲክ (ኮርኒያውን በሌዘር ቀርጾ መነጽር የሚያስጥል ቀዶ) ተሠርተው ቢሆን ኖሮ ርዝመቱ ልክ ሆኖም ቁጥሩ ይሳሳት ነበር። ኬራቶሜትር የሚለካው የኮርኒያውን ፊት ብቻ ነው፤ ጀርባውን በተለመደው ምጣኔ ገምቶ 1.3375 በሚል ቁጥር ያሰላል። ላሲክ ፊቱን ብቻ ስለሚያሳሳ ምጣኔው ይፈርሳል፤ ኬው ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይነበባል፣ ሌንሱ አንሶ ይታዘዛል፣ ታካሚው ፕላስ ሆነው ይወጣሉ። ዛሬ ላሲክ የሚሠሩ ወጣቶች ከቀዶው በፊት የነበረውን ኬና የመነጽር ቁጥር ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ከ30 ዓመት በኋላ ያ ወረቀት ይፈለጋል፣ ክሊኒኩ ግን ላይኖር ይችላል።

ካዛንቺስ_ኦፕቶ፦
ኤ.ሲ.ዲ.ውን አየሁት፤ የፒያሳው 2.66፣ የአራት ኪሎው 3.07። የሌንስ ውፍረቱ በሁለቱም 4.6። ላሲክ የለም። ሸል ተውሰን በኢመርሽን እንደግመዋለን። አንድ ነገር፦ የብሌናቸው ጠርዝ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ብናኝ አለ።

ስፌት_አልባ፦
እሱን መጀመሪያ ብትነግሩን! ፕስዩዶኤክስፎሊዬሽን (ብናኝ ዓይን ውስጥ የሚከማችበት ሕመም) ነው። ብሌኑ በደንብ አይሰፋም፣ ዞኑሎቹም ደካማ ናቸው። የዓይን ግፊታቸውን ለኩ፣ ብሌኑን አስፍታችሁ ሌንሱ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ እዩ። ለቀዶው የካፕሱል ቀለበትና በሦስት ክፍል የተሠራ መለዋወጫ ሌንስ ጠረጴዛው ላይ ይዘጋጅ፤ ካፕሱሉ ካልያዘ ሰልከስ (ከአይሪሱ ኋላ፣ ከካፕሱሉ ፊት ያለ ቦይ) ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው፣ ቁጥሩም በግማሽ ወይም በአንድ ዳይኦፕተር ይቀነስ።