የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ለደም ግፊትና ለስኳር ክትትል ስናሠለጥን ጊዜውን በምን እናሳልፈው?

የወረዳ አሠልጣኝ

ጤና ይስጥልኝ። ከ7 ጤና ኬላዎች የሚመጡ 14 የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን በደም ግፊትና በስኳር ሕሙማን ክትትል ለማሠልጠን 5 ቀን ተመድቧል። የተላከልን ሰነድ አብዛኛው ስለ በሽታዎቹ ዓይነትና ሥርጭት የሚያወራ ስላይድ ነው። የእነሱ ሥራ ግን መድኃኒት ማዘዝ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ሕክምና የጀመረውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው መለካት፣ መምከርና በጊዜው ሪፈር ማድረግ ነው። በእጅ የሚነፋ የደም ግፊት መለኪያ 6፣ ግሉኮሜትር (የደም ስኳር መለኪያ) 4፣ የደም ጠብታ የሚቀበል የመለኪያው ስትሪፕ 100 አለን። ቀኖቹን እንዴት ብንከፋፍላቸው ይሻላል? በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውስ የቱ ነው?

የተመላላሽ ሕክምና ነርስ

5ቱን ቀን ባንዴ አትጨርሱት። 3 ቀን አሠልጥኑና ወደ ኬላቸው ይመለሱ፤ 4 ሳምንት ሠርተው መዝገባቸውን ይዘው ሲመጡ የቀሩትን 2 ቀናት ተጠቀሙባቸው። ስህተቱ የሚታየው ያኔ ነው። ስላይዱ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

ከ3ቱ ቀን አንዱ ሙሉውን ለደም ግፊት ልኬት ይሁን። ብዙ የሚበላሸው እሱ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ስለሚመስለው ማንም አይቆጣጠረውም። ተለኪው ባለፉት 30 ደቂቃዎች ቡና ያልጠጣ፣ ሲጋራ ያላጨሰ፣ ሽንቱን የሸና ይሁን። ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ሳያወራ 5 ደቂቃ ይቀመጥ። ቤት ለቤት ሲኬድ ወንበር ከሌለ መደብ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥና ክንዱ ሥር የታጠፈ ጋቢ ይደረግለት፤ ክንዱ ከልቡ ጋር እኩል መሆን አለበት። ክንዱ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ ንባቡ ወደ 8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጨምራል። 132 የነበረው 140 ይሆንና ደህናው ሰው ጤና ጣቢያ ድረስ በከንቱ ይመላለሳል።

ማሰሪያው የሚጠመጠመው በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ነው። በውስጡ ያለው የሚነፋ ከረጢት የክንዱን ዙሪያ ቢያንስ 80 በመቶ ካልሸፈነ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ስለዚህ ወፍራም ክንድ ላላቸው ትልቅ ማሰሪያ ከወዲሁ ጠይቁ። ከማዳመጡ በፊት የእጅ አንጓ ትርታን እየዳሰሱ መንፋት፣ ትርታው የጠፋበትን ቁጥር መያዝ፣ ከዚያ ለማዳመጥ ሲነፉ 30 መጨመር። ይህ እርምጃ ሲዘለል አንዳንድ ሰው ላይ ድምፁ መሃል ላይ ጠፍቶ ስለሚመለስ የላይኛው ቁጥር ከእውነተኛው በጣም አንሶ ይነበባል። አየሩ በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ይልቀቅ። ከ1 ወይም 2 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካና አማካዩ ይመዝገብ።

ፈተናው በወረቀት አይሁን። ለሁለት ሰው ጆሮ የሚሆን የማስተማሪያ ስቴቶስኮፕ ፈልጉና አሠልጣኙና ሠልጣኟ ባንድ ጊዜ ያዳምጡ፤ ሁለቱ የጻፉት ከ4 በላይ ከተለያየ ትድገም። እያንዳንዷ ቢያንስ 10 ሰው ሳትለካ አትለፍ። ከ4 ሳምንት በኋላ ደግሞ መዝገቡን ገልጣችሁ የመጨረሻዋን አሃዝ ብቻ ተመልከቱ። በእጅ የሚነፋው መለኪያ በየ2 ስለሚነበብ በ0 የሚያልቀው ከ5 አንድ ገደማ ነው መሆን ያለበት። 120/80፣ 130/90፣ 140/90 ብቻ ከተደረደረ ግን ቁጥሩ የመጣው ከግምት ነው።

መለኪያዎቹንም እዩ። አየር በሌለበት መርፌው ዜሮ ላይ ካልተቀመጠ ያ መሣሪያ ከሥልጠናው ይውጣ።

የስኳር ሕሙማን ክትትል ነርስ

ስትሪፑን ቆጥባችሁ ተጠቀሙ። ለ14 ሰው 3፣ 3 ሙከራ ሲሰጥ 42 ነው፤ የቀረውን ለኬላዎቹ አከፋፍሉት። ጣት በውኃና በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ ብርቱካን የላጠ እጅ ሳይታጠብ ከተወጋ ውጤቱ በውሸት ይጨምራል። የሚወጋው የጣት ጫፍ ጎን ነው፣ መሃሉ ያማል። የስትሪፑ ዕቃ ክዳን ወዲያው ይገጠም፤ እርጥበት ያበላሸዋል። የግሉኮሜትሩን መለኪያ አሃድም አስተምሩ። በሚሊሞል የተሞላ መሣሪያ 7.2 ሲል 130 ሚሊግራም ማለት ነው (በ18 ይባዛል)። ይህን ያላወቀች ባለሙያ ስኳሩ ወረደ ብላ ስኳር ታጠጣለች።

ስኳር መውረድን እያንዳንዷ በቃሏ እስክትወጣው አስደጋግሙ። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ወይም ያልተለመደ ቁጣ ከታየ ወዲያው መለካት፤ ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ 4 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር (15 ግራም ገደማ) በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ መስጠት፤ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት፤ ካልተስተካከለ መድገም፤ ሲስተካከል ምግብ ማብላት። ስትሪፕ ከሌለ ልኬት አይጠበቅም፣ ስኳሩ ይሰጥ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ትን ይለዋል። በጎኑ አስተኝቶ አምቡላንስ መጥራት። ግሊቤንክላሚድ (ስኳር የሚያወርድ እንክብል) የሚወስድ ሰው ቢነቃም ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መድኃኒቱ በሰውነቱ ስለሚቆይ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድበት ይችላል።

የእግር ምርመራ መሣሪያ የለንም ተብሎ ይዘለላል። ያለ መሣሪያ ይሠራል። ሕመምተኛው ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፍ በሌባ ጣት ለ1 ወይም 2 ሴኮንድ ብቻ ቀስ አድርጎ መንካት፤ መግፋት፣ መምታት አይገባም። ከ6ቱ 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ ደንዝዟልና ሪፈር ይደረግ። ለእንዲህ ያለ ሰው ዋናው ምክር ምድጃ ዳር እግሩን እንዳያሞቅና በባዶ እግሩ እንዳይሄድ ነው። ቃጠሎው አይሰማውም። በጣቶቹ መሃል ያለውንም ቆዳ ገልጦ ማየት አይረሳ።

ፋርማሲስት

ኢንሱሊን ላይ አደገኛው ስህተት መርፌው ነው። ብልቃጡ ላይ 100 ዩኒት በሚሊሊትር ተብሎ ሳለ በ40 ዩኒት መርፌ ከተቀዳ ሰውዬው 2.5 እጥፍ ይወስዳል። ሁለቱን መርፌዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አሳዩአቸው።

ደመናማው ኢንሱሊን በመዳፍ መሃል 20 ጊዜ ያህል ይንከባለል፣ አይናጥ። ሁለቱ የሚቀላቀሉ ከሆነ የጠራው ቀድሞ፣ ደመናማው ተከትሎ ይቀዳል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ከፍሪዘር ጋር ተነካክቶ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ እስከ 4 ሳምንት ይቆያል፤ የተከፈተበት ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፍ። ፍሪጅ በሌለበት ቆላ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ ይቀመጥ፣ በመሃላቸው አሸዋ ይሞላ፣ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣ፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን። ብልቃጡ በፕላስቲክ ታስሮ ውስጥ ይገባል፤ የማሰሮው አፍ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። አየሩ ደረቅ በሆነበት አገር በደንብ ያቀዘቅዛል፤ ወበቅ ባለበት ግን ብዙም አይረዳም።

የወረዳ አሠልጣኝ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ነገር ልጨምር። ሁዳዴ ሲገባ ቀጠሮ የሚቀር ሰው ይበዛል። የጨው ምክር ደግሞ “ቀንሱ” ከማለት አላለፈም።

ጤና መኮንን

በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት የሚያሰጋው እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን ጠዋት መውሰድ ነው። ረመዳንም እንደዚሁ፤ ሱሁር ላይ ወስዶ ሙሉ ቀን መዋል። ባለሙያዋ መጠኑን በራሷ አትለውጥ። ጾሙ ከመግባቱ 1 ወር በፊት የእነዚህን ሰዎች ዝርዝር አውጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ትላክ። የታመመ ሰው ከጾም ነጻ መሆኑ በሁለቱም እምነት የታወቀ ነው፤ ለሕመምተኛው ግን ከእርሷ ይልቅ የነፍስ አባቱ ወይም የመስጊዱ ኢማም ቃል ይከብዳልና አስቀድማ ታነጋግራቸው። ጸበል የሚሄደውን አትከልክሉት፤ መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ ስንቁን ቁጠሩለት።

ለጨው ሒሳብ አስተምሩ። በቀን ለአንድ ሰው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከ1 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው የሚመከረው። ለ5 ቤተሰብ በወር 750 ግራም ይሆናል። እማወራዋን “ጨው ታበዣለሽ?” ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ “1 ኪሎ ጨው ስንት ቀን ያቆያችኋል?” ይባል። በ3 ሳምንት ካለቀ ለአንድ ሰው 9.5 ግራም ገደማ ደርሷል፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባበት ካለ ተጨምሮ ይቆጠራል።

መድኃኒት ላይም እንዲሁ ነው። “ትወስዳለህ?” ከተባለ መልሱ አዎ ነው። “ባለፉት 7 ቀናት ስንት ቀን አመለጠህ?” ይባልና የቀረው ፍሬ ይቆጠር።

ሪፈር የሚደረግበትን ቁጥር በትልቁ ጽፋችሁ ኬላው ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ በቀጠሮ። 180/110 የደረሰ፣ በዚያው ቀን። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን መጋረድ ወይም የአንድ ጎን ሰውነት መዛል ከታከለበት አምቡላንስ። ነፍሰ ጡር ከሆነች 140/90 ራሱ በዚያው ቀን ያስልካል። ሪፈሩን የተቀበለው ጤና ጣቢያ መልስ የሚጽፍበት ቅጽ ከሌለ ግን ባለሙያዋ ሰውየው መድረሱን እንኳ ስለማታውቅ፣ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ያን ቅጽ ከጣቢያው ጋር ተስማሙበት።