አባቴ 82 ዓመቱ ነው፣ አኦርታው አብጧል፤ ይሠራለት ወይስ ይተው?

የአባቷ ልጅ (ለንደን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ለኩላሊቱ አልትራሳውንድ ሲነሳ፣ ሳይታሰብ ሆዱ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ ማበጡ ታየ። 5.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ልቡ ደካማ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ቆሞ ይተነፍሳል። ሐኪሙ «ባንነካውም ይሻል ይሆናል» አለን። ወንድሜ «ሽማግሌ ነው ብለው ነው የተዉት» ብሎ ጦፏል። ምን ትላላችሁ?

የጉለሌ ልጅ፦ አይዞሽ። አሁን እኮ ሆድ ሳይከፈት በብሽሽት በኩል ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከውስጥ የሚደግፍ ቱቦ፣ ያስገባሉ። አጎቴ ተሠርቶለት ወዲያው ነው ቤቱ የገባው። ተከራከሪ!

ነርስ ነኝ፦ አባትሽን ይማርልሽ እህቴ። የጉለሌ ልጅ፣ የአጎትህ ልብ እንዴት ነበር? ወሳኙ እሱ ነው። በወንድ 5.5 ሲደርስ ስለ ቀዶ ሕክምና ይነሳል እንጂ ሁሉም ይሠራለታል ማለት አይደለም። እዚሁ እንግሊዝ ኢቫር 2 የሚባል ጥናት ሆድ መከፈት የማይችሉ ሰዎችን አይቶ ነበር። ለከፊሎቹ ስቴንት ገባ፤ ሌሎቹ ሳይነኩ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የረጅም ጊዜ ውጤት፣ ስቴንቱ በእብጠቱ ምክንያት የሚመጣውን ሞት ቢቀንስም በጠቅላላው ዕድሜ እንዳላራዘመ አሳየ። ብዙዎቹን የወሰዳቸው ሌላው በሽታቸው ነው። መሣሪያው ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ እሱን አልክድም። ግን ስቴንት ገብቶ አያበቃም። ደም በጎኑ ወደ እብጠቱ ሊሾልክ ስለሚችል በምርመራ ክትትል አለው። ለሲቲ ስካን የሚወጋው ቀለም ደግሞ ለደከመ ኩላሊት ጥሩ አይደለም።

ታክሲ ነጂው፦ መኪና ይነዳል? እብጠቱ 6 ሴንቲ ከደረሰ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። 6.5 ከደረሰ መንዳት የለም።

የአባቷ ልጅ፦ መኪናውን ከሸጠ ቆየ። የከበደኝ ሌላ ነው። «ሊፈነዳ ይችላል» የሚለውን እስካሁን አልተረጎምኩለትም።

ነርስ ነኝ፦ አንቺ አታስተርጉሚ። ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በነፃ ነው። ልጅ ስታስተረጉም ትሸፋፍናለች፤ እናቴ ላይ አድርጌዋለሁ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ልቡና ሳንባው ተመርምሮ ማደንዘዣ ይችላል ወይ? የቧንቧው ቅርፅ ለስቴንት ይመቻል ወይ? ድንገት ቢፈነዳስ ወደ ኦፕራሲዮን ይግባ ወይስ ሕመሙን ብቻ ያስታግሱለት? የመጨረሻውን እሱ ራሱ ይመልስ። ድንገተኛ ኃይለኛ የሆድ ወይም የወገብ ሕመም ከመጣ ግን ወዲያው 999 (የአምቡላንስ ቁጥር) መደወል ነው፤ ጠዋት እስኪነጋ አትጠብቁ።

የአባቷ ልጅ፦ ወንድሜንም ይዤው እሄዳለሁ።