ሸረሪቷና እኔ በአንድ ክፍል

እባካችሁ ምክር ስጡኝ። ከአልጋዬ በላይ፣ ኮርኒሱ ጥግ ላይ፣ አንዲት እግረ ረጅም ሸረሪት ድሯን ዘርግታለች። ሦስት ሌሊት ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ መብራት ሳላጠፋ አደርኩ። ልጅ ሆኜ አያቴ «ሸረሪት ከሸናችብሽ አልማዝ ባለጭራ ይወጣብሻል» ይሉኝ ነበር። ሐኪም ጠይቄ ውሸት መሆኑን አውቄያለሁ። በሽታው የሚመጣው ጉድፍ ከያዘን በኋላ ሰውነታችን ውስጥ ተደብቆ ከሚቆይ ቫይረስ ነው። ግን ይህን ለእግሬ ማን ይንገርልኝ? ትናንት መጥረጊያ አነሳሁ። ስትንቀሳቀስ ጥዬው ሮጥኩ፤ አከራዬ እስካሁን ይስቁብኛል። መግደል አልፈልግም፣ ትንኝ ትበላልኛለች። በብርጭቆና በወረቀት ይዞ ማውጣት ይቻላል ይላሉ። ከኮርኒስ ላይ እንዴት አድርጌ? ይህን ፍርሃት ያሸነፈ ካለ፣ ከምን እንደጀመረ ይንገረኝ።