ሶስት ዳይሜንሽን ላይ መጠምጠም ለምን አይቻልም?

የታቦሯ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነኝ፣ የማትስ ሶስተኛ ዓመት ተማሪ። አንድ ነገር ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። ኢ ፓወር ዜድ (ዜድ ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው) ደሪቫቲቩ የትም ቦታ ዜሮ አይሆንም፣ ስለዚህ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት በየነጥቡ ዙሪያ አንድ ለአንድ ነው፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ ነጥቦች አንድ መልስ አይሰጡም። ግን ዜድ ላይ 2ፓይ አይ ስትጨምሩ ያው መልስ ይመጣል። በጥቅሉ አንድ ለአንድ አይደለም ማለት ነው። እሺ፣ እዚህ ድረስ ገብቶኛል። መምህራችን ግን "ሶስት ዳይሜንሽን ላይ መዛባቱ ገደብ ካለው ይሄ አይሆንም" ብሎን ወጣ። ለምን?

ገደል ሰፈር፦
እህቴ፣ የነገራችሁ የዞሪችን ቲዎረም ነው፦ ሶስት ዳይሜንሽን ላይ በየነጥቡ ዙሪያ አንድ ለአንድ የሆነ ፈንክሽን መዛባቱ ገደብ ካለው በጥቅሉም አንድ ለአንድ ነው ይላል። የሶቪየት የሒሳብ ሊቁ ላቭሬንትየቭ በ1938 ገመተው፣ ሌላው የሶቪየት የሒሳብ ሊቅ ዞሪች በ1967 አረጋገጠው። መጀመሪያ "መዛባት" በሚለው እንግባባ። በጣም ትንሽ ኳስ ፈንክሽኑ ውስጥ ሲያልፍ እንደ እንቁላል ይለጠጣል። ረጅሙ ዘንግ ለአጭሩ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የትም ቦታ ከአንድ ቋሚ ቁጥር ካልበለጠ ገደብ አለው እንላለን። ኳሱ ቢተልቅም ቢያንስም ግድ የለም፣ የሚቆጠረው ቅርጹ ነው።

አሁን ራስሽ ሞክሪው። ኢ ፓወር ዜድን ውሰጂና ሶስተኛዋን ኮኦርዲኔት እንዳለች ተያት። አሁንም በየነጥቡ ዙሪያ አንድ ለአንድ ነው፣ አሁንም ይጠመጠማል፣ ማለትም እየዞረ ያው መልስ ላይ ይመለሳል። መዛባቱስ? ሁለቱ አቅጣጫዎች በኢ ፓወር ኤክስ (ኤክስ የዜድ ሪል ክፍል ነው) ይለጠጣሉ፣ ሶስተኛው በ1። ኤክስ 10 ሲሆን ሬሾው 22,000 አለፈ!

የታቦሯ ልጅ፦
ማታ ሀይቁ ዳር ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣ እውነትም ገደብ የለውም። ግን ይሄ አንድ ምሳሌ ነው። ሌላ ብልሃት እንደሌለ በምን አወቅን?

ካስማ፦
ምክንያቱ እኔ የምወደው ክፍል ነው። ኢ ፓወር ዜድ የማይደርስበት አንድ ነጥብ አለ፣ ዜሮ። ሜዳ ላይ የተተከለ ካስማ አድርገሽ አስቢው። መሬት ለመሬት የተጠመጠመ ገመድ ካስማውን አልፎ አይወጣም፣ ፈንክሽኑም እዚያው ዙሪያ ደጋግሞ ይዞራል። ሶስት ዳይሜንሽን ላይ የጎደለው አንድ ነጥብ ብቻ ከሆነ ግን ገመዱን ከፍ አድርገሽ ታሳልፊዋለሽ፣ የሚይዘው ነገር የለም። ገመዱን ለመያዝ ቢያንስ ሙሉ መስመር መጉደል አለበት። ያሰላሽውን ምሳሌ እይው፣ የጎደለው ልክ ሶስተኛው ዘንግ ነው። መዛባቱ ገደብ ያለው ፈንክሽን ደግሞ መስመር የሚያህል ነገር ሊዘል፣ ማለትም ሳይደርስበት ሊቀር አይችልም፣ ከዚያ በጣም ያነሰ ብቻ ነው የሚዘለው። ሙሉ ማረጋገጫው ከዚህ ይረዝማል፣ ልቡ ግን ይሄ ነው።

ገደል ሰፈር፦
አንድ ነገር ልጨምር። "በየነጥቡ ዙሪያ አንድ ለአንድ" የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ብታነሺው ቲዎረሙ ይፈርሳል። ዞሪች ራሱ ምሳሌ ሰርቷል። ስፔሱን አራት ማዕዘን ባላቸው ረጃጅም ምሰሶዎች ትከፋፍይዋለሽ፣ እያንዳንዱ ምሰሶ ግማሽ ስፔስ ላይ ይዘረጋል፣ ጎረቤቱ ሌላው ግማሽ ላይ። መዛባቱ ገደብ አለው፣ ዜሮን ብቻ ይዘላል፣ ማለቂያ በሌለው ሁኔታም ይደጋገማል። አራት ምሰሶዎች የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ግን አንድ ለአንድ መሆኑ ይቀራል።