በእግዚአብሔር ኃይል መደገፍ ማለት የሰው እርዳታ አለመፈለግ ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

እናቴ በስትሮክ ከወደቀች 2 ዓመት አልፏታል። ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ጀርባዋ እንዳይቆስል ሌሊትም በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ አለብኝ። አላርም ደርድሬ ነው የምተኛው። መጀመሪያ ሰሞን ፊልጵስዩስ 4፥13ን፣ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን፣ በወረቀት ጽፌ ከራስጌዋ ለጥፌ ነበር። አሁን ወረቀቱን ሳየው እንባዬ ይመጣል። አልቻልኩማ! ባለፈው ሳምንት አላርሙ ሲጮህ አልሰማሁትም። ስነቃ ነግቷል። አንሶላዋ ርሷል። እሷ ነቅታ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። «ለምን አልጠራሽኝም?» ስላት «ደክሞሽ ነው ብዬ» አለችኝ።

ለጸሎት ጓደኛዬ ሰው እንዲያግዘኝ ልጠይቅ ነው ብላት፣ «የይሁዳን ንጉሥ የአሳን ታሪክ አንብቢ፣ በሰው ተደግፎ ነው የወደቀው» አለችኝ። አነበብኩት፤ ፈራሁ። እውነት እርዳታ ብጠይቅ በእግዚአብሔር አለመታመን ነው? እባካችሁ ከመጽሐፍ ቅዱስ አሳዩኝ።

መልስ 1

እህቴ፣ ከለጠፍሽው ጥቅስ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቢው። ጳውሎስ «ሁሉን እችላለሁ» ካለ በኋላ ወዲያው በ4፥14 የፊልጵስዩስን ሰዎች በመከራዬ ስለተካፈላችሁ መልካም አደረጋችሁ ይላቸዋል። ይህን የጻፈው ታስሮ ነው። እርዳታቸውን ይዞ የመጣለት አፍሮዲጡ ነው፣ ቁጥር 18 ላይ ስሙ አለ። ተቀበለ እንጂ አልመለሰውም። ወረቀቱ ላይ ቁጥር 14ን ጨምሪበት።

መልስ 2

ስለ አሳ እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም ይህ ታሪክ ብዙ ሰው ሲያስፈራሩበት አይቻለሁ።

2ኛ ዜና መዋዕል 14ን ከመጀመሪያው አንብቢ። አሳ ከተሞችን አጥሯል። ከይሁዳ 300,000፣ ከብንያም 280,000 ሰልፈኛ ነበረው። ኢትዮጵያዊው ዝሪ አንድ ሚሊዮን ሰውና 300 ሠረገላ ይዞ ሲመጣበት ሠራዊቱን በትኖ ቤቱ አልተቀመጠም። ተሰለፈ፣ ከዚያ በአንተ ታምነናል ብሎ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ሰልፉም ጸሎቱም አንድ ላይ ነበሩ። ድሉን ግን ለሰልፉ አልሰጠም።

የወደቀው ምዕራፍ 16 ላይ ነው። የእስራኤል ንጉሥ ሲመጣበት ከእግዚአብሔር ቤት ብርና ወርቅ አውጥቶ እንዲያግዘው ለሶርያ ንጉሥ ላከ። እዚያ ጸሎት የለም። ነቢዩ አናኒ ሲገሥጸው ደግሞ ወህኒ ከተተው። በኋላ በነገሠ በ39ኛው ዓመት እግሩን ሲታመም ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም ይላል። ጥፋቱ ሐኪም መፈለጉ አይደለም፣ እግዚአብሔርን መተዉ ነው። አንቺ እኮ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ስትጠሪ ነው የኖርሽው። እንዴት ከአሳ ጋር ያመሳስሉሻል?

መልስ 3

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ግን አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። አባቴን ሳስታምም እኔም ሰው አገኘሁ። እንቅልፌ ሲመለስ ጸሎቴ ቀነሰ። ሰው ሲገኝ እግዚአብሔርን መርሳት ቀላል ነው፣ የጓደኛሽ ስጋት መነሻ የለውም አልልም። ለእርዳታው ራሱ እያመሰገንሽ ተቀበይው።

ደግሞ ዘጸአት 17ን አትለፊው። ራፊዲም ላይ ከአማሌቅ ጋር ሲዋጉ ሙሴ እጁን ሲያነሣ እስራኤል ያሸንፉ ነበር። ግን እጁ ከበደው። እግዚአብሔር የሙሴን ክንድ በተአምር ማበርታት አያቅተውም። አሮንና ሆር ግን ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፣ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሆነው እጁን ደገፉ፣ ፀሐይ እስክትገባ። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ያቺን ድንጋይ ነው። ቆሞ መጸለይ ሲያቅተው ተቀመጠ፤ ማንም እምነት ጎደለህ አላለውም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ። መልስ 2ን ሳነብ አለቀስኩ። ለእናቴም ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ጨርሼ ሳያት በቀኝ እጇ እጄን ያዘችኝ።

ማታ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። 2 ዓመት ሙሉ «እኔ እችላለሁ» ስለው ነው የኖርኩት። ዛሬ «ደክሞኛል» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው» አለኝ። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት እሱ ያድራል። እንዴት እንደሚያገላብጣት ነገ ሲመጣ አሳየዋለሁ። ቁጥር 14ንም ጽፌ ከሥሩ ለጥፌዋለሁ።