ደረቱ የጠበበ ቀሚስና የተገነጠለ የቦርሳ ማንጠልጠያ

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ
ሰላም ለሁላችሁ። ስፌት ከጀመርኩ ገና ስድስተኛ ወሬ ነው። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን የቀሚስ ሞዴል አትሜ ቆረጥኩና ሰፋሁት። አንገቱና ትከሻው ልክክ አለ፣ ደረቴ ላይ ግን 4 ሴንቲ ሜትር አነሰኝ፣ ቁልፍ ስቆልፍ መሃሉ ይከፈታል። አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ስሞክር ደግሞ ደረቱ ሆነና ትከሻው ክንዴ ላይ ወረደ። ምን ላድርግ?

ሌላው፣ ከአባቴ ቁምጣ በተረፈ አረንጓዴ ካኪ የገበያ ቦርሳ ሠርቼ ነበር። ሦስት ኪሎ ድንች ይዤ ስመለስ ማንጠልጠያው ተገንጥሎ ድንቹ መንገድ ላይ ተበተነ። በጣም ነው የከፋኝ። ታቹም ሹል ሆኖ አልቀመጥ ይላል።

ከቡሬ
ቀላል ነው እኮ፣ ጎኑን ግራና ቀኝ አስፊው በቃ።

ከባሕር ዳር
ጎኑን ብቻ ካሰፋሽው ብብቱም ይሰፋል፣ ከዚያ እጅጌው አልገጥም ይልሻል። እኔ ሁለት ቀሚስ ያበላሸሁት እንደዚያ ነው። እህቴ፣ ትከሻሽ ላይ ልክ የመጣውን ቁጥር ያዢ፣ የጎደለውን ደረቱ ላይ ብቻ ክፈቺ።

ያነሰሽ 4 ከሆነ በእያንዳንዱ የፊት ግማሽ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። የፊቱን ወረቀት አንሺ። ከብብቱ ታችኛ ክፍል እስከ ጡት ጫፍ አስምሪ፣ ከዚያ ቀጥ አድርገሽ እስከ ታች ዘርፉ አውርጂው። ከጎን ስፌቱም ወደ ጡት ጫፍ ሌላ መስመር አምጪ። መስመሮቹን ቁረጪ፣ ግን ብብቱ ጋ ስትደርሺ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሳትቆርጪ ተይ፣ የጎኑም መስመር ጡት ጫፍ ጋ እንዲሁ፣ እንደ በር ማጠፊያ እንዲያገለግልሽ። አሁን የጎኑን ወረቀት 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ግፊው። የጎኑ መስመርም አብሮ ሲከፈት ታያለሽ። ያ ክፍተት ጨርቁ ላይ ታጥፎ በመርፌ የሚሰፋ የደረት እጥፋት ይሆናል። መሃሉ ከጎኑ አጥሮ ይቀራል፣ ከጡት በታች አግድም ቆርጠሽ አውርጂና እኩል አድርጊው። ክፍተቶቹን ከሥር በወረቀት ለጥፊ። እጥፋቱ ጡት ጫፍ ላይ አይድረስ፣ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ቀድሞ ይለቅ፣ አለዚያ ይሾላል።

ደግሞ መጀመሪያ በአቡጀዲ ሞክሪው።

የስፌት ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም
ልጄ፣ ስለ ቦርሳው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ክሩ ነው የተበጠሰው ወይስ ጨርቁ ነው የተቀደደው?

ጠያቂ
ጋሼ፣ ጨርቁ ነው። ስፌቱ ማንጠልጠያው ላይ እንዳለ ነው፣ የቦርሳው አፍ ቁራጭ አብሮት መጥቷል።

የስፌት ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም
እንግዲያው ክርሽ ደህና ነው። እንዲጠነክር ብለሽ ስፌቱን አድቅቀሽ አንድ መስመር ላይ ደጋግመሽበታል። መርፌው ቀዳዳ በቀዳዳ ሲያደርገው ካኪው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል። የእያንዳንዱን ስፌት ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር አድርጊው። የቦርሳውን አፍ 4 ሴንቲ ሜትር እጠፊ፣ የማንጠልጠያውን ጫፍ እጥፋቱ ውስጥ ክተቺ፣ ከጀርባው ቁራጭ ካኪ ደርቢበት። ከዚያ አራት ማዕዘን ሰፍተሽ መሃሉን ከጥግ ጥግ አጣምሪው። ሸክሙ ያኔ በአንድ መስመር ላይ አያርፍም። መርፌሽ ቁጥር 14 ከሆነ ወፈር ወዳለው ቁጥር 16 ቀይሪው፣ ድርቡ የወፈረበት ጋ ፔዳሉን ተይና ጎማውን በእጅሽ አዙሪ።

ለታቹ ደግሞ ጎኑንና ሥሩን ከሰፋሽ በኋላ የቦርሳው ውስጡ ወደ ውጭ ሆኖ ይቆይ። ጥጉን ያዢና የጎን ስፌቱን ከሥር ስፌቱ ጋር አጋጥመሽ አስተኚው፣ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ከጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ለክተሽ አግድም ስፊ፣ ትርፉን ቁረጪ። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መቀመጫ ይወጣልሻል። ስትቆርጪ ግን ለዚህ አስቢለት፣ የቦርሳው ወርድ በ10 ቁመቱ በ5 ይቀንሳል። አዲስ ካኪ ከሆነ አጥበሽ ቁረጪ፣ ይሰበሰባል።

ጠያቂ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የቴምብሩ ነገር በትክክል ገብቶኛል፣ የተቀደደውን አሁን በእጄ ይዤ እያየሁት ነው። የባሕር ዳሯ እህቴ፣ አቡጀዲውን ቆርጫለሁ፣ ዛሬ ማታ መብራት ካልጠፋ ደረቱን እሰፋና ሄዶልኝ እንደሆነ እነግርሻለሁ።