ሰባቱ ከዋክብት በቴሌስኮፕ አልሞላ አሉኝ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቱቦው ላይ 70/700 የሚል ቴሌስኮፕ አለኝ። ሌንሶቹ ሁለት ናቸው፣ ባለ 25 እና ባለ 10 ሚሊ ሜትር። ሰባቱን ከዋክብት በዓይኔ ሳያቸው ተጠጋግተው ያምራሉ። በ10ሩ ሳይ ግን ሦስት አራት ኮከብ ብቻ ነው የሚታየኝ። ፎቶ ላይ ያለው ሰማያዊ ጭጋግም የለም። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን? ለገና የወንድሜን ልጆች ላሳያቸው ነበር።

ከኮምቦልቻ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ዕቃሽ ደህና ነው። ማጉላቱ ነው የበዛው። ቱቦው ላይ ያለውን 700 (የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት በሚሊ ሜትር) ለሌንሱ 10 ስታካፍይው 70 ጊዜ ያጎላል። ሰባቱ ከዋክብት ያሉበት ዘለላ (የከዋክብት ስብስብ) ደግሞ ሰፊ ነው፣ ሰማይ ላይ ወደ 2 ዲግሪ ይጠጋል። አራት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን እንደ መደርደር ነው። በ70 ማጉላት ሲሶው ቢገባልሽ ነው። 25ቱን ግጠሚበት፤ 28 ጊዜ ብቻ ስለሚያጎላ አብዛኛው ይገባል። ባለ 7 በ50 ወይም 10 በ50 ባይኖኩላር (7 ወይም 10 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ የሁለት ዓይን መነጽር) የሚያውስሽ ካለ ግን ከሁሉም እሱ ይሻላል። እኔ ለዚህ ዘለላ ቴሌስኮፕ አላወጣም።

መምህር ነኝ፣ ወልዲያ፦ ጭጋጉን በዓይን አትጠብቂው። ካሜራ ለረጅም ጊዜ ብርሃን ሰብስቦ ነው የሚያወጣው። የከዋክብቱን ብርሃን የሚያንጸባርቅ አቧራ ነው። ብዙ ሰው ከዋክብቱ የተወለዱበት ደመና ይመስለዋል፣ አይደለም። ዕድሜያቸው 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ ያ ደመና ከተበተነ ቆይቷል፤ አቧራው አሁን በመንገዳቸው ያገኙት ነው። ለልጆቹ ርቀቱን ንገሪያቸው፦ 440 የብርሃን ዓመት ገደማ፣ ማለትም ብርሃን በ440 ዓመት የሚጓዘው ርቀት። ዛሬ ማታ የሚያዩት ብርሃን ጉዞ የጀመረው በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን አካባቢ ነው! ወረቀትና እርሳስም ስጫቸው፣ ያዩትን ይሳሉ። ጣሊያናዊው የሰማይ ተመራማሪ ጋሊልዮም በ1610 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የዚህ ዘለላ ሥዕል 36 ከዋክብት አስፍሯል።

ሐይቅ ዳር፦ ሰዓቱን ልጨምር። በገና ሰሞን ምሽት 3 ሰዓት ላይ ከአናታችሁ በላይ ናቸው፣ ትንሽ ወደ ሰሜን። ያኔ ቴሌስኮፑ ሽቅብ ስለሚቆም አንገት ያሰቃያል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ምሥራቅ በኩል ዘንበል ብለው ሳሉ ጀምሩ። ከከተማው መብራት ራቁ፣ ቦሩ ሜዳ በኩል ጥሩ ነው። ሐይቁ ዳር አልመክርም፣ ሌንሱን ጤዛ ይይዘዋል። ሃያ ደቂቃ ያህል ስልክ የሚባል አይከፈት፣ ዓይን ጨለማውን መልመድ አለበት። ጨረቃ የሌለችበትን ማታ ምረጡ። ለልጆቹ ጋቢ እንዳትረሺ፣ የታኅሣሥ ብርድ ታውቂዋለሽ።

ጠያቂ፦ አላህ ይስጥልኝ! በ25ቱ ሞከርኩት፣ ሞልቶ ታየኝ። በዚያው ማታ ሌላ ዘለላ አለ?

ከኮምቦልቻ፦ አጠገባቸው አለልሽ። ቀላ ያለውን ደማቅ ኮከብ አልደባራንን ፈልጊ። ዙሪያው ያሉት በማዕዘን የተደረደሩ ከዋክብት ሌላ ዘለላ ናቸው፣ 150 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃሉ። አልደባራን ራሱ ግን የእነሱ አይደለም። 65 የብርሃን ዓመት ላይ ነው፣ ከፊታቸው ቆሞ ነው። ይህም ዘለላ በባይኖኩላር ነው የሚያምረው፤ በቴሌስኮፕ ሙሉው ጭራሽ አይገባም።